ልክ

ከዘንባባው ጥላ፣ ከባጃጁ ተራ፣
ቀይ በር ያላት ክፍል፣ የሥራዬ ስፍራ።
ሜትሩ አንገቴ ላይ፣ ጠመኔው በጣቴ፣
ሲንጀሯን ስረግጥ ሃያ ሦስት ዓመቴ።

ሰውን በትከሻው ነው እኔ የምለየው፤
ዘንበል ካለ አንዱ ጎኑ፣ ሸክሙን ነው የማየው።
አንዷ ከዘጌ ማንጎ ስትሸከም ኖራ፣
አንዷ ባንድ ጎኗ ልጅ ስታቅፍ አድራ።

እና ልክ እወስዳለሁ፦ አንገት፣ ደረት፣ ወገብ፤
የምትለኝን ብቻ ማስፈር ነው ከመዝገብ።
«ስንት ይውረድ?» እላለሁ።
«እስከ ቁርጭምጭሚት» ትላለች፤ እጽፋለሁ።
«ከጉልበት ዝቅ ይበል» ትላለች፤ እጽፋለሁ።

ነጃት በኒቃቧ ለፈተና ሄዳ፣
ጥበቃው መለሳት እንደማያውቃት እንግዳ።
ሦስት ዓመት ሙሉ «ደህና አደርሽ» ያላት ሰውዬ!

ፈቲያ ደግሞ ሻሿን ወደ ኋላ ሸሸት አርጋ፣
ጉትቻዋ እየታየ፣ አሣ ልትገዛ ወርዳ ሲነጋ፣
የባሏ ወንድም አያት፤ እጇን ይዞ ጎትቶ
«ልክሽን አሳይሻለሁ!» አላት፣ ሰው ፊት ተቆጥቶ።

ልክ!
አንዱ «አውልቂ» በር ላይ፣ አንዱ «ልበሺ» ገበያ፣
ሜትር ያልያዘ ሁሉ ልክ ወሳጅ በዚህ በዚያ።
እኔ ግን ሐቀኛ ነኝ ብዬ ኮራሁ በሜትሬ፣
«ምርጫው የለባሿ ነው» እያልኩ ስሰብክ ኖሬ፤

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣
ሒክመት መጣች፣ የኔዋ፣ ጥቁር ጨርቅ በፌስታል አንጠልጥላ አምጥታ።
«እማ፣ ልኬን ውሰጂ» ብላ ቆመች፣ እጇን ዘርግታ እንደ ልጅነቷ።
«ፊትሽንም?» አልኳት።
«ፊቴንም» አለች፤ አልተንቀጠቀጠም አንደበቷ።

እኔን አባቴ በአለንጋ ነው ያለበሰኝ።
አንድ ቀን ጣና ዳር ንፋስ ሻሼን ነጥቆ ደንገል ላይ ጣለልኝ፤
«አለቀስኩ» ብዬ ነገርኩት። ዋሸሁ።
ሳቄን ውሃው ብቻ ነው የሰማኝ።
አሁን ሻሽ አስራለሁ፣ ባሻኝ ቀን፣ ባሻኝ ቀለም፤
አላህ ያውቀኛል፤ ከሱ ሌላ ጠያቂ የለኝም።
ያን ሳቅ ነበር ለልጄ ያወረስኳት፣
ፀጉሯን ጎንጉኜ ለንፋስ የሰጠኋት፤
እሷ ግን እኔ ያመለጥኩትን
ገዝታ መጣች፣ በራሷ ብር፣ ሦስት ሜትር ተኩል።

«ማነው የነገረሽ? ማነው ያስገደደሽ? የትኛዋ ጓደኛ?»
ጠየቅሁ፤ ልክ እንደ ጥበቃው፣ ልክ እንደ ዳኛ።

«ማንም» አለች።
«አንቺስ ያን ቀን፣ ጣና ዳር፣
ለመሳቅ ማንን ጠየቅሽ?»

ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ።
ውጭ ባጃጅ ኩሬውን ረግጦ በሩ ላይ ጭቃ ረጨ፤
የሚሰደብ ሰው አገኘሁ ብዬ ወጣሁ፣ ሾፌሩ አምልጧል።
ተመለስኩ። እጇ አሁንም እንደተዘረጋ ነው።

ሜትሩን አነሳሁ።
ግንባሯን ለካሁ፣ ከአፍንጫዋ እስከ አገጯ ለካሁ፤
ጡት ስትጠባ ያየሁትን ጠባሳ፣ ጉንጯ ላይ፣
በአውራ ጣቴ ነክቼ አለፍኩ።
አልወደድሁትም። አሁንም አልወደውም።
ስፌቱን ግን አላጣመምኩም።

መስከረም ሲጠባ መናኸሪያ ሸኘኋት፣
ሻንጣዋን ከጣራው ሲጭኑ፣ ከመስኮቱ ሥር ቆሜ
«መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» አልኳት።
«የምን ጨርቅ?» አለችኝ።
ፊቷ ባይታየኝም አወቅሁ፤
ስትስቅ የግራ ዓይኗ ቀድሞ ነው የሚጠበው።
«የወደድሽው» አልኩ፤ ሞተሩ ዋጠብኝ መሰለኝ፣ አልሰማችም።

ሱቁን ስከፍት ፈቲያ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፣
እጇ ላይ ያ ሰውዬ የጨበጠበት ቦታ ገና ጠቁሮ፣
ጉልበቷ ላይ ቢጫ ጨርቅ፣ አበባ ያለበት።
«አጭር እጅጌ ይሁን» አለች፣ እኔን ሳይሆን በሩን እያየች።
ሜትሩን ከአንገቴ አወረድኩና
«ስንት ይውረድ?» አልኳት።